ያልተመዘገበው ሽቦ፦ በአሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ላይ የተደረጉ ለውጦች ታሪክና አለያየት

አንድ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ንድፉ በሠሪው መዝገብ ቤት ተቀምጦ፣ ቁጥሩ በጀርባው ታትሞ፣ ክፍሎቹም በዝርዝር ተጽፈው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ይጀምራል። አንዱ ይሸጠዋል፤ ሌላው ይገዛዋል፤ ሦስተኛው ከፍቶ ይለዋውጠዋል፤ አራተኛው የተደረገበትን ሳያውቅ ይረከበዋል። በዚህ ጉዞ በመሣሪያው አካል ላይ የሚፈጸመው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በማናቸውም ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ ከመጨረሻው ባለቤት እጅ የሚገባው ዕቃ ስሙ የፋብሪካው ቢሆንም፣ አካሉ ማንነታቸው የማይታወቅ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው።

ይህንን ነገር ግልጥ አድርገው ከሚያሳዩት ዕቃዎች መካከል በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩት የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው። ያገለገለ አንድ ግራጫ ፕሌይስቴሽን ተገዝቶ ከሥሩ ያሉት ብሎኖች በካቻቢቴ ተፈትተው ክዳኑ ሲነሣ፣ በሰርኪዩት ቦርዱ ጥግ ላይ በሙጫ የተለጠፈች ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ትታይ ይሆናል። በጀርባዋ የነበረው ጽሕፈት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጠፍቷል። ከእግሮቿ የተነሡ ቀጫጭን ሽቦዎች በቦርዱ ላይ ወደ ተለያዩ ነጥቦች ይሄዳሉ። ይህች ክፍል ምንድን ናት? ትነሣ ወይስ ትቆይ? ብትነሣስ መሣሪያው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ሽቦውን አተኩሮ በመመልከት ብቻ አይደለም። ማንም ሰው በደህና የሚሠራ መሣሪያ ከፍቶ ሽቦ የሚጨምረው አንድ የከለከለው ነገር ሲኖር ነው። ስለሆነም የባዕዱን ሽቦ ትርጉም ለማወቅ፣ አስቀድሞ ሽቦው ሊያልፈው የፈለገውን መሰናክል ማወቅ ያስፈልጋል። የለውጡ ታሪክ የመቆለፊያው ታሪክ ነውና።

የመቆለፊያው አመጣጥ

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1977 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የአታሪ 2600 መሣሪያ መቆለፊያ አልነበረውም። የአሠራሩን ሥርዓት ያወቀ ማናቸውም ኩባንያ የጨዋታ ካርትሪጅ እየሠራ መሸጥ ይችል ነበር። የማይረቡ ጨዋታዎች ገበያውን ማጥለቅለቃቸው በ1983 በአሜሪካ ለደረሰው የንግድ ውድቀት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በዚያው ዓመት በአገሩ ያወጣው ፋሚኮም የተባለው መሣሪያም ቢሆን የመቆለፊያ ቺፕ አልነበረውም። ኩባንያው በ1985 ወደ አሜሪካ ገበያ ሲገባ ግን ከአታሪ ውድቀት የተማረ ይመስላል፤ ለአሜሪካ ባዘጋጀው መሣሪያ ውስጥ አንድ ዘበኛ አቆመ።

ዘበኛው ትንሽ ባለ 4 ቢት ማይክሮፕሮሰሰር ነው። አንዱ በመሣሪያው ውስጥ፣ መሰሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ኃይል ሲለቀቅ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ስሌት ተከታታይ ምልክቶችን እያወጡ ይነጋገራሉ። የአንዱ መልስ ከሌላው ጋር ካልገጠመ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቺፕ መሣሪያውን በየሰከንዱ ያህል እያቋረጠ እንደገና ያስነሣዋል። በዚህ ጊዜ የቴሌቪዥኑ መስኮት ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አያሳይም።

ችግሩ ዘበኛው ሌባውንና እንግዳውን በትክክል አለመለየቱ ነበር። ካርትሪጁ የሚገባበት ባለ 72 እግር ማያያዣ በአገልግሎት ብዛት እየላላ ሲሄድ ሁለቱ ቺፖች በሚገባ መነጋገር ያቅታቸዋል፤ በዚህም ምክንያት በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ካርትሪጅ እንኳ ተቀባይነት ያጣል። የጥገና ሠራተኞችና ባለቤቶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር። የቺፑ 4ኛ እግር ቺፑ የዘበኝነት ወይም የቁልፍነት ሥራ እንዲይዝ የሚወስነው እግር መሆኑ ስለታወቀ፣ ያንን እግር ቆርጠው ከቦርዱ ያነሡታል፤ ጠንቃቃው ደግሞ ከመሬት መስመር ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ ቺፑ ዘበኛ መሆኑን ስለሚረሳ ማንንም አያግድም።

ያገለገለ የኒንቴንዶ መሣሪያ የገዛ ሰው ቦርዱን ሲመለከት ምንም የተጨመረ ነገር ላያይ ይችላል። ለውጡ ያለው በተጨመረው ሳይሆን በጎደለው ነገር ላይ ነው፤ ከብዙ እግሮች መካከል አንዲት የተቆረጠች እግር! ይህንን ታሪክ የማያውቅ ዐይን አጠገቧ ደርሶ ያልፋታል።

የአገር ድንበር በቦርድ ላይ

ሁለተኛው መሰናክል የአገር ክልል ነው። ኩባንያዎች ጨዋታዎቻቸውን በየአገሩ በተለያየ ጊዜና ዋጋ ይሸጡ ስለነበር፣ የጃፓን ጨዋታ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ መሣሪያ ላይ እንዲሠራ አይፈልጉም ነበር። በዚህ ላይ የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ልዩነት ተጨመረ። በጃፓንና በአሜሪካ ይሠራበት የነበረው የኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ሥርዓት ሥዕሉን በ525 መስመርና በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ሲጽፍ፣ በአብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ የነበረው ፓል ደግሞ በ625 መስመርና በሰከንድ 50 ጊዜ ይጽፍ ነበር። ብዙ ጨዋታዎች የሰዓት መለኪያቸውን ከዚህ ቁጥር ጋር ያሰሩ ስለነበሩ፣ ለ60 ተሠርቶ ሳይስተካከል ወደ 50 የተዛወረ ጨዋታ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል።

በ1988 በጃፓን የወጣው የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ይህንን ልዩነት የሚወስነው በቦርዱ ላይ ባሉ ጥቃቅን የማገናኛ ነጥቦች ነበር። አንዱ ጥንድ መሣሪያው የጃፓን ወይም የውጭ አገር መሆኑን፣ ሌላው ጥንድ ሥዕሉ በ50 ወይም በ60 እንዲሠራ ያመለክታል። የአውሮፓ ተጫዋቾች ይህንን ሲያውቁ በፋብሪካ የተገናኘውን ቀጭን የመዳብ መስመር በስለት ቆርጠው፣ በምትኩ ከሣጥኑ ጎን ወይም ጀርባ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎችን ተከሉ።

እዚህ ላይ ለመሐንዲስ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ይታያል፤ ከሥሩ የተቆረጠው የመዳብ መስመር ግን አይታይም። አዲሱ ባለቤት መሣሪያውን ወደ ቀድሞው ሁኔታ የመለሰ መስሎት ሽቦዎቹን ነቅሎ ቢጥል፣ የተቆረጠው መስመር እንደ ተቆረጠ ይቀራል። የውሳኔው ምልክት ከምንም ጋር ሳይያያዝ ይንሳፈፋል፤ መሣሪያውም አንድ ቀን እየሠራ ሌላ ቀን እምቢ ይላል። የተጨመረውን ማንሣት የተቀነሰውን አይመልስም።

በዲስክ ላይ የተሰወሩት አራት ፊደላት

ሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን በታኅሣሥ 1994 በጃፓን፣ በመስከረም 1995 በአሜሪካና በአውሮፓ አወጣ። መሣሪያው ምርቱ በ2006 እስኪቆም ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ስሙ በአዲስ አበባም ሳይቀር ልጆች እየከፈሉ ለሚጫወቱባቸው ቤቶች መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ መሣሪያ የሚጠቀመው በካርትሪጅ ሳይሆን በዲስክ ስለሆነ፣ በካርትሪጅ ውስጥ እንደነበረው ያለ የቁልፍ ቺፕ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። የሶኒ መሐንዲሶች ዘዴ የሚደነቅ ነው። በዲስክ ላይ ምልክቶቹ የሚጻፉበት መስመር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ጥምዝምዝ ነው። በፕሌይስቴሽን ዲስክ ላይ፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ባለው የውስጠኛው ክልል፣ ይህ መስመር ሆን ተብሎ እጅግ በጥቂቱ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ተደርጓል። በውዝዋዜው ውስጥ አራት የላቲን ፊደላት ተሰውረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ኤስ፣ ሲ እና ኢ፣ ለሁሉም አንድ ናቸው፤ አራተኛው ፊደል ለጃፓን አይ፣ ለአሜሪካ ኤ፣ ለአውሮፓ ኢ ነው። መሣሪያው የአገሩን ፊደል ካላገኘ ዲስኩን አይቀበልም።

በቤት ውስጥ የሚቀዳ ባዶ ዲስክ ከፋብሪካው የተቀረጸ የራሱ መሪ መስመር አለው። የመቅጃው ሌዘር ያንን መስመር ከመከተል በቀር የራሱን ውዝዋዜ መፍጠር አይችልም። ስለዚህ መረጃው በሙሉ ቢገለበጥ እንኳ አራቱ ፊደላት ከዋናው ዲስክ ላይ ይቀራሉ። በአንድ ዘዴ ሁለት በር ተዘጋ ማለት ነው፤ የተቀዳ ዲስክም፣ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዲስክም አይሠሩም።

ከዚህ በኋላ በጽሑፉ መግቢያ የተጠቀሰችው ባለ ስምንት እግር ቺፕ ማንነት ይገለጣል። ከእነዚህ ቺፖች ብዙዎቹ ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሁለገብ አገልግሎት ይሠራው የነበረው ፒክ 12ሲ508 የተባለ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ነበሩ። የፕሮግራም ማኅደሩ 512 ትእዛዞችን ብቻ ይይዛል። ሥራውም ቀላል ነው፤ መሣሪያው አራቱን ፊደላት ከዲስኩ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ቺፑ በምልክቱ መስመር ላይ ገብቶ ፊደላቱን ራሱ ይናገራል። በየቦርዱ ዓይነት ከ4 እስከ 7 የሚሆኑ ሽቦዎች ይበየዱለታል፤ ከነዚህም አንዱ ለኃይል፣ አንዱ ለመሬት፣ የቀሩት ለምልክት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቺፖች ፊደላቱን ሳያቋርጡ ይደጋግሙ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡ አንዳንድ ጨዋታዎች ይህንን ልፍለፋ ለመያዣነት ተጠቀሙበት። ፊደላቱ ሊሰሙ በማይገባበት የዲስኩ ክልል ላይ ከተሰሙ፣ በመሣሪያው ውስጥ ባዕድ አለ ማለት ስለሆነ ጨዋታው ይቆማል። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ ትውልድ ቺፖች ተሠሩ። እነዚህ ፊደላቱን ከተናገሩ በኋላ ዝም ይላሉ፤ እንደገና መቼ መናገር እንደሚገባቸው ለማወቅ ደግሞ የክዳኑን ማብሪያ ማጥፊያና የዳግም ማስነሻውን መስመር ያዳምጣሉ። ስለሆነም ወደ ክዳኑና ወደ ዳግም ማስነሻው የሚሄዱ ሽቦዎች የተገኙ እንደሆነ፣ ቺፑ ከዝምተኞቹ ወገን መሆኑ ይገመታል። የሽቦው መድረሻ የቺፑን ዕድሜና ጠባይ ይናገራል።

የአመረማመሩ ሥርዓት

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» እንደ ተባለው፣ ምርመራው ሳይፈጸም ካውያ ማንሣት አይገባም። በልምድ የተረጋገጠው ቅደም ተከተል ከዚህ የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ኃይል ሳይሰጥ ውጫዊው አካል ይታያል። የተቦረቦረ ሣጥን፣ ጭንቅላቱ የተበላ ብሎን ወይም በሌላ ዓይነት የተተካ ብሎን ክዳኑ ከዚህ በፊት መከፈቱን ያመለክታል። በጀርባ ያለው የሞዴል ቁጥር ይጻፋል፤ ነገር ግን አይታመንም። የፕሌይስቴሽን ኃይል መስጫ ክፍል ራሱን የቻለ ቦርድ ስለሆነ በሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሣጥኑም እንዲሁ። በጃፓን ለ100 ቮልት የተሠራ ኃይል መስጫ እንደ ኢትዮጵያ ባለ የ220 ቮልት መስመር ላይ ቢሰካ ለጉዳት ይዳረጋል። ስለዚህ ከሣጥኑ ጽሕፈት ይልቅ በኃይል መስጫው ቦርድ ላይ ያለው ጽሕፈት መነበብ አለበት።

ሁለተኛ፣ በዋናው ቦርድ ላይ የታተመው ቁጥር ይፈለጋል። ሶኒ ቦርዱን በየጊዜው ለዋውጦታል፤ ፒ.ዩ.-8፣ ፒ.ዩ.-18፣ ፒ.ዩ.-20 እያለ የሚሄደው ቁጥር የትኛው እንደ ሆነ ይናገራል። ከዚያም ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ካልተነካ ቦርድ ወይም ከፎቶግራፉ ጋር ክፍል በክፍል ይነጻጸራል። ይህ ንጽጽር አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት ፋብሪካዎችም ራሳቸው የንድፍ ስሕተት ሲያገኙ በታተሙ ቦርዶች ላይ ሽቦ ስለሚጨምሩ ነው። የፋብሪካ ሽቦ በአንድ ዓይነት ቦርዶች ሁሉ ላይ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ ብየዳውም ወጥ ነው። የግለሰብ ብየዳ ግን የቃጠሎ ዝቃጭ፣ ያበጠ የቆርቆሮ ጠብታ ወይም የተላጠ መዳብ ይተዋል። የፋብሪካውን ማስተካከያ የባዕድ ሥራ አድርጎ መንቀል ባዕዱን ሳይነኩ ከመተው የከፋ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር ይከተላል። የሽቦው ቀለም ምንም አይነግርም፤ ሠሪው በእጁ የተገኘውን ሽቦ ነውና የተጠቀመው። መሬቱ ይለያል፤ ቀጥሎ 3.5 ቮልት የሚያህለው የኃይል መስመር ይለያል። የቀሩት ጫፎች የት እንደሚያርፉ ሲታወቅ አብዛኛው ጥያቄ ተመልሷል። ከነዚህ ሽቦዎች ተለይቶ ወደ ሥዕል ማውጫው የሚሄድ ትንሽ ቦርድ ቢገኝ ጉዳዩ የቀለም ነው። የአሜሪካ ጨዋታ በአውሮፓ መሣሪያ ላይ ሲሠራ የቀለሙ ድግግሞሽ ስለሚዛባ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆን ነበርና፣ ይህንን ለማቃናት 4.43 ሜጋኸርዝ የሚያመነጭ ክሪስታል ይጨመር ነበር።

አራተኛ፣ ዐይን የማያያቸው ሁለቱ የለውጥ ዓይነቶች ይፈለጋሉ። አንደኛው የተቆረጠ መስመርና የተነሣ እግር ሲሆን፣ በአጉሊ መነጽርና በመልቲሜትር ይገኛል። ሁለተኛው ከቦታው የተዛወረ ማስተካከያ ነው። በተለይ የሌዘሩን ኃይል የሚወስነውን ትንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ቀዳሚው ባለቤት የደከመ ሌዘር እንዲያነብለት ሲል አዙሮት ሊሆን ይችላል። ሽቦ የለውም፤ ቁራጭ የለውም፤ ነገር ግን የሌዘሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

አምስተኛ፣ ቺፑ ሳይነሣ ጠባዩ ይፈተናል። ኦሲሎስኮፕ በምልክቱ መስመር ላይ ተደርጎ መሣሪያው ይነሣል። ፊደላቱ የሚላኩት በሰከንድ 250 ቢት ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ቢት 4 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ አራቱም ፊደላት ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ያልፋሉ። ይህ እጅግ ዘገምተኛ ምልክት በመሆኑ በአሮጌ ኦሲሎስኮፕ እንኳ በግልጥ ይነበባል። ጽሕፈቱ የተፋቀ፣ ፕሮግራሙም እንዳይነበብ የተቆለፈ ቺፕ በሥራው ማንነቱን ይናዘዛል። የሚናገረው ፊደል የየትኛው አገር እንደ ሆነ፣ ተናግሮ ዝም ይል ወይም ይቀጥል እንደ ሆነ ሁሉ ከዚህ ይታወቃል።

መዝገቡ የጠፋበት ምክንያት

ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ለውጡን ያደረገው ሰው አንዲት መስመር ባለመጻፉ ነው። ዝምታው ግን ምክንያት ነበረው። ቺፑን ፕሮግራም ያደረገው ነጋዴ ተወዳዳሪው እንዳይገለብጥበት ይፈራል። ከዚህም በላይ ሥራው ሕጋዊ ይሁን ሕገ ወጥ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። በአውስትራሊያ ሶኒ አንድ የቺፕ ሻጭን ከሶ በ2002 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተረታ፤ በ2003 በይግባኝ ረታ፤ በ2005 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የይግባኙን ውሳኔ ሻረው። የመጨረሻው ፍርድ ያተኮረበት ነጥብ የምሕንድስና ነጥብ ነበር፤ የአራቱ ፊደላት መቆለፊያ የተቀዳ ዲስክ እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ ቅጂው እንዳይደረግ አይከለክልም፤ ስለዚህ ሕጉ በወቅቱ ባስቀመጠው ትርጓሜ ውስጥ አይገባም የሚል ነበር። በኋላም የአገሪቱ ሕግ ራሱ ተሻሻለ። በብሪታንያ ግን በ2002ና በ2004 ተመሳሳይ ክርክሮች ቀርበው ፍርዱ ወደ ሶኒ አዘነበለ። አንዲት ቺፕ፣ አንድ ሥራ፣ በሁለት አገር ሁለት ፍርድ!

በዚህ ዓይነት ጊዜ ብየዳውን የሠራው ሰው ስሙንና ሥራውን ጽፎ በሣጥኑ ውስጥ እንዲተው መጠበቅ ያስቸግራል። ነገር ግን የዝምታውን ዋጋ የከፈለው እርሱ ወይም ከሳሹ አይደለም። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሣሪያውን የገዛው፣ ሊጠግነው የተቀበለው፣ ወይም ለታሪክ ሊያቆየው የሚፈልገው ሰው ነው።

ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ምርመራው ከተፈጸመ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል። የመሣሪያው ኃይል መስጫ ደኅና ከሆነ፣ ብየዳው ካልላላ፣ የተጨመረውም ክፍል ሌላውን ካልጎዳ ማንሣቱ ግዴታ አይደለም። ለውጡ ራሱ የዘመኑ ምስክር ሆኗልና፤ ያለ እርሱ የመቆለፊያውና የተጠቃሚው ትግል ታሪክ አይነገርም። መነሣት ካለበት ግን ከተጨመረው ጋር የተቆረጠው መመለሱ፣ የዞረውም ወደ ቦታው መግባቱ መረጋገጥ አለበት። በሁለቱም መንገድ የተገኘው ሁሉ በወረቀት ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ነገሩ የጨዋታ ዕቃ ነው ተብሎ አይናቅ። ከሌላ አገር አገልግሎ የመጣ የሕክምና መሣሪያ፣ በቀደሙ ሠራተኞች የተለዋወጠ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ ንድፉ የጠፋ የኤሌክትሪክ ሣጥን የሚያነሡት ጥያቄ ይኸው ነው። ልዩነቱ በጨዋታ መሣሪያ ላይ የሚሳሳት ሰው አንድ ዲስክ ሳይሠራለት ይቀራል፤ በሌሎቹ ላይ የሚሳሳት ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በአንዱም በሌላውም ዘንድ የባሰው አደጋ ያለው በሚታየው ሽቦ ላይ ሳይሆን፣ ሳይታይ በተቆረጠው መስመር ላይ ነው።

መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ማንኛውም ባለሙያ የከፈተውን መሣሪያ ከመዝጋቱ በፊት፣ ምን እንደ ጨመረ፣ ምን እንደ ቆረጠ፣ ምን እንደ አዞረና ለምን እንዳደረገው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ቀኑን አስፍሮ፣ ከክዳኑ ውስጥ ቢለጥፍ ሥራው ተሟላ ማለት ነው። ያቺ ቁራጭ ወረቀት፣ ያልተወለደ መሐንዲስ አንድ ቀን ካቻቢቴውን ይዞ በዚያ ሣጥን ፊት ሲቀመጥ፣ ከፋብሪካው ንድፍ ይልቅ የምታገለግለው ሰነድ ትሆናለች።